ዝምታውን የሚያሰማ ስፒከር

በአብያተ ክርስቲያናችን ስለ ድምፅ መሣሪያ ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ስንት ዋት ነው?» የሚል ነው። አዳራሹ ሰፊ፣ ጉባኤውም ብዙ ስለሆነ ለአዳራሽ ጥያቄው ተገቢ ነው። ያንኑ ጥያቄ ይዘን ወደ ሳሎናችን ስንገባ ግን ነገሩ ይበላሻል። አራት ሜትር በአምስት ሜትር ለሆነች ክፍል፣ ለሺህ ሰው የሚበቃ ድምፅ እንፈልጋለን።

ክላሲካል ሙዚቃን ቤቱ ተቀምጦ ማድመጥ የሚፈልግ ወጣት ጥያቄውን ቢገለብጠው ይሻለዋል እላለሁ። «ሲጮኽ ምን ያህል ይጮኻል?» ከማለቱ በፊት «ዝቅ ሲል ምን ይሰማል?» ብሎ ይጠይቅ። ባለፈው ዓመት ለቤታችን ስፒከር ስመርጥ ይዤው የዞርኩት ጥያቄ ይህ ነበር። ገንዘቤን አድኖልኛል፤ ለአባቴ ደግሞ ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር መልሶለታል።

ጥያቄው ለምን እንደሚገለበጥ ላስረዳ። በስቱዲዮ የሚሠሩ ብዙ መዝሙሮችና ዘፈኖች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፃቸው ተቀራራቢ ከፍታ ላይ እንዲሆን ይታመቃሉ። ስለዚህ ታክሲ ውስጥም፣ ወጥ ቤት ውስጥም ሳይጠፉ ይሰማሉ። ክላሲካል ሙዚቃ ግን በአንድ ሥራ ውስጥ ከአንዲት ዋሽንት ትንፋሽ ተነሥቶ መላው ኦርኬስትራና ኳየር አንድ ላይ እስከሚወጡበት ድረስ ይሄዳል። ከፍ ባለው ቦታ ላይ ቮልዩሙን ብታስተካክሉት ዝቅ ያለው ክፍል በፍሪጁ ድምፅ ይዋጣል። ዝቅ ባለው ላይ ብታስተካክሉት ደግሞ ኳየሩ ሲነሣ ትንሿ ስፒከር መተርተር ትጀምራለች። ስለዚህ የሚያስፈልገው በሁለቱም ጫፍ ንጹሕ የሆነ ስፒከርና ጸጥ ያለ ክፍል ነው።

እኔ በመዘምራን ውስጥ አልቶ ነኝ። የኳየር መሪያችን አንድ ቀን በፍላሽ የዮሐን ሴባስቲያን ባኽን የማቴዎስ ሕማማት ሰጠኝና «አልቶ ሥራው ምን እንደሆነ ከዚህ ተማሪ» አለኝ። ሥራው የጌታን መከራና ሞት ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 26 እና 27 ወስዶ በዜማ የሚተርክ ነው። ሙሉውን ለማድመጥ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ጊዜ ይፈጃል። ባኽ በጀርመን አገር በሌፕዚግ ከተማ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ኃላፊ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1727 በስቅለት ዓርብ መጀመሪያ እንደ ቀረበ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ያስቀምጣሉ። ከባኽ ሞት በኋላ ከሌፕዚግ ውጭ ብዙም ሳይታወቅ ኖረ። በ1829 በርሊን ላይ እንደገና እንዲሰማ ያደረገው ፊሊክስ ሜንደልሰን ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 20 ዓመት ነበር። አያቱ በስጦታ የሰጡትን የኖታ ግልባጭ ይዞ ነው ሥራውን የተማረው። በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ላለን ሰዎች ይህች ታሪክ ብቻዋን ትበቃናለች።

ስለ ስፒከር ለምናወራው ነገር ግን ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው። ባኽ ይህን ሥራ የጻፈው ለሁለት ኳየርና ለሁለት ኦርኬስትራ ነው። በመክፈቻው አንደኛው ኳየር ለሐዘን ይጣራል፤ ሁለተኛው በአጫጭር ጥያቄዎች ይመልስለታል። ከሁለቱም በላይ ደግሞ ቀጫጭን ድምፆች ጉባኤው የሚያውቀውን የቆየ መዝሙር እየዘመሩ ይገባሉ። ሥራው እንዲገባን ጠሪው በአንድ ወገን፣ ጠያቂው በሌላ ወገን ሆኖ መሰማት አለበት። በስልክ ወይም በአንድ የብሉቱዝ ስፒከር ስናደምጠው ሁለቱ ወገኖች አንድ ቦታ ላይ ይደራረባሉ። ንግግሩ ጠፍቶ ጫጫታው ይቀራል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የወሰንኩት ሁለት ስፒከር እንደሚያስፈልገኝ ነበር፤ አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ።

እዚህ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ለምን አልገዛሽም የሚለኝ ሰው ይኖራል። ጥያቄው ልክ ነው። በእኩል ገንዘብ ከተነጻጸረ የጆሮ ማዳመጫ ከስፒከር የተሻለ ጥራት ይሰጣል። በዶርም ለሚኖር ተማሪም ሆነ ክፍል ለሚጋራ ሰው የመጀመሪያ ምርጫው እሱ ሊሆን ይገባል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቅ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቮልዩሙ ከመሣሪያው ሙሉ ድምፅ ከ60 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አያድጉም።

እኔ ስፒከር የመረጥኩት በአባዬ ምክንያት ነው።

አባዬ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቤዝ ዘምሯል። እናቴን ያገኛትም ኳየር ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ጆሮው እየደከመ መጣ። ሐኪሙ የመስማት ምርመራውን ወረቀት ሲያሳየን መስመሩ በወፍራሞቹ ድምፆች በኩል ደህና ሄዶ፣ ወደ ቀጭኖቹ ሲደርስ እንደ ገደል ወርዷል። ዕድሜ የሚያመጣው የመስማት ድካም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከቀጭኖቹ ይጀምራል። የቃላት መለያ የሆኑት እንደ «ሰ»፣ «ፈ» እና «ተ» ያሉ ድምፆች ደግሞ ከቀጭኖቹ ወገን ናቸው። አባዬ «ሰው» ያልነውን «ተው» ብሎ ይሰማል። «ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉ ነው የሚጠፋኝ» ይላል።

ታላቅ ወንድሜ የመስሚያ መሣሪያ ገዝቶለታል፤ ቤት ውስጥ ለሁለት ሰው ወሬ በጣም ይረዳዋል። አዳራሽ ሲገባ ግን ከስፒከሮቹ የሚመጣው ድምፅ ስለሚያስጨንቀው ከጆሮው አውጥቶ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። እሑድ ሁሉ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። መዝሙር ሲነሣ አብሮ ይቆማል፤ አይዘምርም። እናቴ ካረፈች በኋላ ደግሞ ቤት ውስጥም ሲያንጎራጉር አልሰማሁትም። ስለዚህ ያጠራቀምኩትን 25 ሺህ ብር ይዤ ስወጣ፣ ጆሮዬን ዘግቼ ለብቻዬ የምሰማበትን ነገር ልገዛ አልቻልኩም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሆነን እኔ ማዳመጫ ባደርግ፣ እሱ ብቻውን ይቀመጣል።

መጀመሪያ የሄድኩት መርካቶ ነው። ሻጩ ሰው የሚያህል ሆም ቴአትር አሳየኝ። ካርቶኑ ላይ በሺህ የሚቆጠር ዋት ተጽፎበታል፤ ከቁጥሩ ጎን ግን «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ይላል። ይህ ለቅጽበት ብቻ ሊታሰብ የሚችል፣ በእውነተኛ ማድመጥ ጊዜ የማይገኝ የማስታወቂያ ቁጥር ነው። መታየት ያለበት «አር.ኤም.ኤስ.» የሚለው ነው፤ መሣሪያው ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለውን ጉልበት የሚነግረን እሱ ነው።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ቤት ያናውጣል!» አለኝ።

«ወንድሜ፣ የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ እንዲናወጥ አንፈልግም» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን።

ስለ ዋት ማወቅ የሚገባን ነገር ቀላል ነው። ጉልበቱን ከ10 ዋት ወደ 20 ዋት ብናሳድግ የምናገኘው የድምፅ ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሯችን እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ እንዲሰማን 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ጉልበቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። የተለመዱ የቤት ስፒከሮች ደግሞ በአንድ ዋት ብቻ፣ በአንድ ሜትር ርቀት 85 ዴሲቤል ያህል ያሰማሉ። ይህ በትንሽ ሳሎን ውስጥ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ 30 ወይም 40 እውነተኛ ዋት ያለው ትንሽ አምፕሊፋየር የኳየሩን ጩኸት ሳይቀር ይሸከማል።

በመጨረሻ የገዛሁት ከሰፈራችን ሬዲዮና ቴፕ ከሚጠግኑ ሽማግሌ ነው። ያገለገሉ፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ሁለት የእንጨት ስፒከሮች ነበሯቸው። «ጋሼ፣ ከመግዛቴ በፊት ላድምጣቸው?» ስላቸው «ሳታደምጪ ብትገዢ ነው የምቀየምሽ» አሉኝ። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ወጣት ቢያደርጋቸው የሚጠቅሙትን እነሆ።

በመጀመሪያ የፊት ጨርቁን አውልቁና የትልቁን ስፒከር ጠርዝ በጣት ቀስ አድርጋችሁ ንኩት። በብዙ የቆዩ ስፒከሮች ላይ ያ ጠርዝ ስፖንጅ ስለሆነ በዕድሜ ይፈረፈራል። የአምፑን የቮልዩም ቁልፍ አዙሩትና የሚንኮሻኮሽ እንደሆነ አድምጡ። ከዚያ ሰው ብቻውን የሚናገርበትን ቅጂ አጫውቱ፤ ስብከትም ይሆናል። የሰውን ድምፅ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው ጆሯችን በቀላሉ አይታለልም። ተናጋሪው በርሜል ውስጥ የገባ ከመሰላችሁ ያ ስፒከር ሴሎውንም እንዲሁ ያበላሸዋል። ሁለቱ ስፒከሮች እኩል ከሆኑ ደግሞ ድምፁ ከግራም ከቀኝም ሳይሆን ከመካከላቸው፣ ምንም ከሌለበት ባዶ ቦታ፣ የሚመጣ ይመስላል። ከሁሉ በኋላ የምታውቁትን ዝቅ ያለ ሙዚቃ በዝቅተኛ ቮልዩም አጫውቱ። አልቶው ይሰማል? ቤዙ የት አለ? ይህን ካለፈ ኳየሩ ከፍ ወደሚልበት ሂዱና ድምፁ ጆሮ ይወጋ እንደሆነ እዩ። ሻጩ በሚመርጥላችሁ ዘፈን ብቻ አትወስኑ፤ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ለስፒከሮቹ 13 ሺህ፣ ለአምፑ 8 ሺህ 500፣ ለሽቦና ለመሰኪያ 900 ብር ከፈልኩ። የቀረችኝን 2 ሺህ 600 ብር ለወፍራም የመስኮት መጋረጃ አደረግኳት። ጓደኞቼ በመጋረጃው ሳቁ። ነገር ግን ክፍሉ ራሱ የመሣሪያው አካል ነው። ባዶ ሳሎን ውስጥ ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው በሲሚንቶው ግድግዳና በሴራሚኩ መካከል ሲንጫረር ትሰማላችሁ። የቫዮሊኑም ድምፅ እንዲሁ ይሆናል። ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ሶፋ፣ በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያ ያንን ንጭርጭር ይውጡታል። የእናቴን ትልቁን ምንጣፍ በስፒከሮቹና በሶፋው መካከል አነጠፍኩት።

አቀማመጡም ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። የእኛዎቹ ሁለት ሜትር ተራርቀዋል፤ ሶፋውም ከእያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር ያህል ነው። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ትሁን፤ እኔ በቆዩ የእንጨት ሳጥኖች ላይ ነው ከፍ ያደረግኳቸው። ግድግዳ ላይ ከተለጠፉ፣ ይልቁንም ጥግ ውስጥ ከገቡ፣ ቤዙ ያብጣል፤ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል አርቋቸው። ወፍራም ድምፅ በሲሚንቶ ውስጥ አልፎ ጎረቤት ስለሚደርስ፣ ሕፃን ካላት ጎረቤታችን ጋር ከምንጋራው ግድግዳ ፊታቸውን አዙሬ በተቃራኒው በኩል አስቀመጥኳቸው። በሯን አንኳኩቼም ሰዓቱን ተስማማን፤ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት፣ ልጁ ሳይተኛ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ፍሪጁን ነቀልን፤ ስልኮቻችንን መኝታ ቤት አስቀመጥን። አባዬ የመስሚያ መሣሪያውን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና «እንግዲህ ጀርመንኛ አላውቅ፤ ምን ሊገባኝ ነው?» አለ።

«እኔም አላውቅም፤ ዛሬ እኩል ነን» አልኩት።

ሳስበው ያ እውነት ነበር። በአማርኛ መዝሙር ጊዜ እኔ ቃሉን እሰማለሁ፤ እሱ አይሰማም። እዚህ ግን ማናችንም ቃል አንይዝም።

መክፈቻው ጀመረ። ግራና ቀኝ ያሉት ኦርኬስትራዎች ቀስ ብለው ተነሡ። እኔ ቫዮሊኖቹን እየተከተልኩ ሳለ አባዬ ጣቱን ጉልበቱ ላይ መታ መታ ማድረግ ጀመረ።

«ታች ያለው ሰው አይንቀሳቀስም እኮ» አለኝ።

«የቱ?»

«ቤዙ። እግሩን ተክሎ ቆሟል። ሌሎቹ ሁሉ ይሄዳሉ፤ እሱ አንዲት ኖታ ላይ ነው . . . ይኸው፣ አሁን መውጣት ጀመረ።»

መለስኩና እንደገና አጫወትኩት። እውነቱን ነው። በመክፈቻው ላይ ቤዞቹ አንዲትን ኖታ እንደ ልብ ትርታ ደጋግመው ይመታሉ፤ ከላይ ያሉት ድምፆች ሁሉ የሚንቀሳቀሱት በዚያ ላይ ቆመው ነው። በስልኬ ስንት ወር ያደመጥኩት ሙዚቃ ነው፤ የስልክ ስፒከር ግን ይህን ያህል የወፈረ ድምፅ የማውጣት አቅም የለውም። የኮንትራባስ የመጨረሻዋ ዝቅተኛ ኖታ 41 ኸርዝ ገደማ ናት። እንደ እኛ ያሉ ትንንሽ የእንጨት ስፒከሮችም እዚያ ሲደርሱ ይደክማሉ፤ ሆኖም ከእርሷ በላይ ያሉትን ተጓዳኝ ድምፆች በደንብ ስለሚያሰሙ፣ ጆሯችን የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ከቀጭኖቹ ይልቅ ወፍራሞቹ የተረፉለት የአባዬ ጆሮ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ አገኘው። በዚያ ምሽት ከሁለታችን በተሻለ የሰማው እሱ ነበር። ስንጨርስ ቤዙን ዝቅ ባለ ድምፅ እያንጎራጎረ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። እኔ ሶፋው ላይ ቀረሁ፤ ልነሣ አልቻልኩም።

ሙሉ ሥራውን በየቅዳሜው ጥቂት ጥቂት እያልን አደመጥነው። ትረካውን የሚያሰማው ወንጌላዊ ቴኖር ነው፤ ከስሩ ያሉት ሴሎውንና ኦርጋኑን የመሳሰሉ ጥቂት መሣሪያዎች ብቻ ናቸው። ጌታ ኢየሱስ ሲናገር ግን ቫዮሊኖቹና ጓደኞቻቸው ረጃጅም፣ ለስላሳ ድምፅ ይዘው ይገቡና ቃሉን ዙሪያውን ይከቡታል። በጣም ዝቅ ያለ ነገር ነው፤ በጩኸት መካከል የሚሰማ አይደለም። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ከሰማችሁት በኋላ መጠበቅ ትጀምራላችሁ። እሱ ሊናገር ሲል እነሱ እንደሚመጡ ታውቃላችሁ።

ከዚያ መስቀሉ ጋ ይደረሳል። ጌታ በመስቀል ላይ ስለ መተዉ በጮኸበት በዚያ ቃል ላይ ባኽ ቫዮሊኖቹን አላስገባቸውም። ድምፁ ያለ እነሱ ነው።

አባዬ ቀና አለ። «የሚከቡት የት ሄዱ?» አለኝ።

መልስ አልሰጠሁትም፤ እሱም መልስ የፈለገ አይመስለኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ስቅለት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። መተው ምን እንደሆነ ግን እንደዚያ ምሽት ቀርቦኝ አያውቅም። ባኽ ያን ሁሉ የተናገረው አንድ ነገር በማንሣት ነው። ያ ነገር እንደ ተነሣ የሚያውቀው ደግሞ ቀድሞ የሰማው ሰው ብቻ ነው። ስፒከር ስንመርጥ ዝቅ ያለውን አጥብቀን እንፈልግ ያልኩት ስለዚህ ነው። ለስላሳውን የማያሰማ መሣሪያ ዝምታውንም ሊያሰማን አይችልም።

ገንዘብ የሌላችሁ ወጣቶች፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተም ነው። ባላችሁ መሣሪያ ጀምሩ። ቤት ውስጥ የቆየ ቴፕ ካለ ስፒከሮቹን አራርቁ፣ ከጥጉም አውጡ። ምንጣፍ አንጥፉ፣ የሚጮኸውን ነገር ንቀሉ፣ ቮልዩሙን የሰው ወሬ በሚሰማበት ልክ አድርጉ። አጭር ሥራ ምረጡና ሌላ ነገር ሳትሠሩ ሁለት ጊዜ አድምጡት፤ ሁለተኛውን ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ተከተሉ። ከተቻለ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ከአጠገባችሁ አስቀምጡ። እናንተ የማትሰሙትን ይሰማ ይሆናል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የኳየሩ አልቶዎችና ሁለት ወንዶች ቤታችን ይመጣሉ። አባዬ ወንዶቹን ቤዝ ያስይዛቸዋል፤ ሲሳሳቱ ደግሞ አያልፋቸውም። ቡና አለ፣ ቦታም አለ፤ ከኅብረቱ መምጣት የምትፈልጉ ኑ። ጫማችሁን በር ላይ ብታወልቁልን ደስ ይለናል፤ ምንጣፉ ለድምፁ ያስፈልገናል።